የመኪናችሁ ሁለተኛ ቁልፍ የት ነው?

መኪና ያላችሁ ሰዎች፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሁለተኛው ቁልፋችሁ የት ነው? ኪሳችሁ ውስጥ ያለውን አይደለም የምለው፣ ሌላውን ነው። «መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል» ካላችሁ ጥሩ። «መኪናውን ስገዛው የተሰጠኝ አንድ ብቻ ነው» የምትሉ ግን ይህን በተለይ ለእናንተ ነው የምጽፈው። የሚሠራ ቁልፍ በእጃችሁ እያለ ሁለተኛ ማሠራት ቀላል ነው። ያ አንዱ ከጠፋ በኋላ ግን ጊዜውም፣ ወጪውም፣ ጣጣውም ይበዛል። ለምን እንደሚበዛ ለመረዳት ደግሞ ቁልፉ ውስጥ ምን እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው ቁልፍ ሲባል የሚታየው የተቀረጸ ብረት ነው። ቁልፍ ቀራጭ ጋ ይወሰዳል፣ ማሽኑ ጥርሱን ይቀዳል፣ አለቀ። ስለዚህ ለመኪና ቁልፍ የሚጠየቀውን ሲሰማ «ለአንድ ብረት ይሄ ሁሉ?» ብሎ ይናደዳል። ንዴቱ ይገባኛል። ግን አብዛኛው ክፍያ ለብረቱ አይደለም። ብረቱ በር ይከፍታል፣ መሪውን ያላቅቃል፣ ከዚያ በላይ ሥልጣን የለውም። ሞተሩ እንዲነሳ የምትፈቅደው ፕላስቲኩ ውስጥ የተደበቀች በጣም ትንሽ ቺፕ ናት።

ይቺ ቺፕ ባትሪ የላትም። ቁልፉ የሚገባበት ቀዳዳ ዙሪያ የተጠመጠመ ቀጭን ሽቦ አለ። ቁልፉን ስታዞሩ ሽቦው፣ ብዙውን ጊዜ በ125 ኪሎኸርዝ አካባቢ፣ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል። ቺፗ ከዚያው ኃይል ወስዳ ትነቃለች፣ ማንነቷን ትናገራለች። ኢሞቢላይዘር የሚባለው የመኪናው ክፍል መልሷን ይመረምራል። ትክክል ከሆነ ለሞተሩ ኮምፒውተር ፈቃድ ይሰጣል። ትክክል ካልሆነ እንደ መኪናው ዓይነት ወይ ሞተሪኖው ጭራሽ አይዞርም፣ ወይ ነዳጅ አይረጭም፣ ወይ ደግሞ ሞተሩ ይነሳና በአንድ ሁለት ሰከንድ ውስጥ ቀጥ ይላል። ዳሽቦርዱ ላይ የቁልፍ ምልክት ያለባት መብራት ብልጭ ድርግም እያለች መኪናው እምቢ ካለ፣ ካንዴላ ከማስፈታታችሁ በፊት ቁልፉን ጠርጥሩ።

እዚህ ላይ አንድ ግራ መጋባት ላጥራ። የበር መክፈቻው ሪሞትና ሞተር የምታስነሳው ቺፕ አንድ ፕላስቲክ ውስጥ ቢኖሩም ሥራቸው ለየብቻ ነው። ሪሞቱ የራሱ ባትሪ አለው፣ የራሱ የሬዲዮ ሞገድ አለው፣ ቺፗ ደግሞ ከእሱ ምንም አትፈልግም። ስለዚህ የሪሞቱ ባትሪ ቢያልቅም በሩን በብረቱ ከፍታችሁ ሞተሩን ማስነሳት ትችላላችሁ። በተቃራኒው ሪሞቱ በሩን በደንብ እየከፈተ ሞተሩ ላይነሳ ይችላል። ይህ በተለይ የቁልፍ ሽፋን ሲቀየር ያጋጥማል። ፕላስቲኩ ይሰበራል፣ ሰው አዲስ ሽፋን ይገዛል፣ ውስጡ ያለውን የሪሞት ሰሌዳ አውጥቶ ወደ አዲሱ ያዛውራል፣ አሮጌውን ሽፋን ይጥላል። ቺፗ ግን በብዙ ቁልፎች ላይ ከሰሌዳው ጋር አይደለችም። ሽፋኑ ጥግ ላይ ለብቻዋ ተወትፋ ወይም ተለጥፋ ነው ያለችው፣ ጥቁር ቁራጭ ወይም ትንሽ የመስታወት ቱቦ ትመስላለች። ከአሮጌው ሽፋን ጋር አብራ ቆሻሻ ውስጥ ገባች ማለት የመኪናችሁ ቁልፍ ተጣለ ማለት ነው። እባካችሁ ሽፋን ስትቀይሩ አዲሱ ሞተር ማስነሳቱን ሳታረጋግጡ አሮጌውን አትጣሉ።

ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ትንሽ ልበል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በ1986 ጄኔራል ሞተርስ ኮርቬት ላይ ብረቱ ውስጥ ትንሽ ሬዚስተር፣ ማለትም የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚገታ ቁራጭ፣ ያለበት ቁልፍ አወጣ። መኪናው የሬዚስተሩን መጠን ይለካል፣ ካልገጠመ አይነሳም። ሐሳቡ ጎበዝ ነበር፣ ግን የነበሩት የተለያዩ መጠኖች 15 ብቻ ናቸው፣ ሁሉንም የያዘና ትዕግሥት ያለው ሌባ አንዱ ላይ መድረሱ አይቀርም። ቺፕ ያለባቸው ቁልፎች የተስፋፉት በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከጥቅምት 1998 ጀምሮ አዲስ የቤት መኪና ያለ ኢሞቢላይዘር እንዳይሸጥ አስገደደ። አውስትራሊያ በ2001፣ ካናዳ በ2007 ተከተሉ። አሜሪካ ግን እንዲህ ያለ ግዴታ አላወጣችም።

የዚህ ልዩነት ውጤት ብዙ ዓመት ቆይቶ በግልጽ ታየ። ሃዩንዳይና ኪያ ለአሜሪካ ገበያ ያቀረቧቸው፣ ከ2011 ገደማ እስከ 2021 የተሠሩ ብዙ ሞዴሎች፣ በተለይም በብረት ቁልፍ የሚነሱት፣ ኢሞቢላይዘር አልነበራቸውም። በ2022 እነሱን የመስረቂያ ዘዴው በቲክቶክ ተዛመተ። የመሪውን ሥር ፕላስቲክ መገንጠል፣ መቆለፊያውን ማውለቅ፣ የዩኤስቢ ገመድ ጫፍ ሰክቶ ማዞር፣ በቃ። ልጆች ሳይቀሩ መኪና እያስነሱ ሄዱ። ካናዳ ውስጥ የተሸጡት የእነዚሁ ኩባንያዎች መኪኖች ግን ሕጉ ስላስገደደ ኢሞቢላይዘር ነበራቸው፣ ያ ዘዴ አይሠራባቸውም። ኩባንያዎቹ በ2023 የሶፍትዌር ማሻሻያ ማከፋፈል ጀመሩ። እኔ «ቁልፍ ለምን እንዲህ ያስቸግራል» የሚል ሰው ባገኘሁ ቁጥር የምነግረው ይህንን ነው። ቺፕ የሌለው ቁልፍ ርካሽ ነው፣ ለሌባውም ጭምር።

ቺፕ ሁሉ ግን እኩል አይደለም። የመጀመሪያዎቹ የሚናገሩት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቁጥር ነበር። ያንን ቁጥር አንዴ ያነበበ መሣሪያ ባዶ ቺፕ ላይ ይገለብጠዋል። ቀጣዮቹ በጥያቄና መልስ ይሠራሉ። ስም ጠይቆ ብቻ የሚያስገባ ዘበኛ ስሙን በሰማ ሁሉ ይታለላል። በየጊዜው አዲስ ቁጥር እየሰጠ «ይህን ሁለታችን በምናውቀው ምስጢር አስላና መልሱን ንገረኝ» የሚል ዘበኛ ግን የትናንቱን መልስ ይዞ የመጣን ሰው አያስገባም። መኪናው ቁጥር ይልካል፣ ቺፗ አስልታ ትመልሳለች፣ ምስጢሩ ራሱ በአየር ላይ አይወጣም።

ይህም ቢሆን የሚበረታው ስሌቱ ጠንካራ ከሆነ ነው። በብዙ መኪኖች ላይ የነበረው የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ቺፕ 40 ቢት ብቻ ርዝመት ያለው፣ ኮምፒውተር እየሞከረ ሊደርስበት የሚችል አጭር ምስጢር ይጠቀም ነበር። በ2005 የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲና የአርኤስኤ ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች ሰብረው አሳዩ። ከዚያ ሜጋሞስ የሚባለው ቺፕ ተራ ደረሰ። የኔዘርላንድና የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ድክመቱን አግኝተው በ2013 ሊያቀርቡ ሲሉ ፎልክስቫገን የእንግሊዝ ፍርድ ቤት ሄዶ አሳገደ። ጽሑፉ የወጣው በ2015 ነው። የኩባንያውን ስጋት አልንቀውም፣ መንገድ ላይ ያለን በሚሊዮን የሚቆጠር መኪና ጠርቶ ማስተካከል ቀላል አይደለም። ነገር ግን ባለመኪናው ስለ ራሱ መኪና ድክመት ሁለት ዓመት ሳያውቅ መቆየቱ ትክክል ነው ብዬ አላምንም። ሌባ ፍርድ ቤት አይሄድም፣ የምርምር ጽሑፍ እስኪታተምም አይጠብቅም።

ወደ ሪሞቱ እንለፍ። ሪሞት ቁልፉን ስትጫኑ የሚሄደው ሞገድ እንደየአካባቢው ይለያያል። ለሰሜን አሜሪካና ለጃፓን የተሠሩት አብዛኞቹ በ315 ሜጋኸርዝ፣ ለአውሮፓ የተሠሩት በ433.92 ሜጋኸርዝ ይሠራሉ። ይህን የምጠቅሰው ምትክ ለምትገዙ ሰዎች ነው። መልካቸው አንድ የሆነ ሁለት ሪሞቶች፣ ቁልፎቻቸው እኩል፣ አርማቸው አንድ፣ ግን አንዱ መኪናችሁን ጭራሽ ላያናግር ይችላል። በመልክ አትግዙ፤ ከጀርባው ወይም ከውስጡ ያለውን የክፍል ቁጥር አመሳክሩ።

ሪሞቱ በተጫናችሁት ቁጥር የሚልከው ኮድ ይለዋወጣል፣ የትናንቱን ቀድቶ ዛሬ ማጫወት እንዳይቻል። መኪናው ወደፊት የሚመጡትን የተወሰኑ ኮዶች ይጠብቃል፣ ልጅ ሪሞቱን ይዞ ሲጫወት ቢውልና ኮዱ በጣም ወደፊት ቢሄድ መኪናውና ሪሞቱ ሊተላለፉ ይችላሉ። አዲስ ቁልፍ ከማሠራታችሁ በፊት የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ አይታችሁ እንደገና ማስተዋወቅ ይሞከራል፣ አንዳንዴ ያለ ምንም መሣሪያ የሚያልቅ ነገር ነው። ሌባው ደግሞ ኮዱን መስበር ላያስፈልገው ይችላል። ሞገዱን የሚያፍን ትንሽ መሣሪያ ይዞ አጠገባችሁ ይቆማል፣ እናንተ ተጭናችሁ ትሄዳላችሁ፣ መኪናው ግን ምንም አልሰማም፣ በሩ ክፍት ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው። መብራቱ ብልጭ ማለቱን ሳታዩ ወይም እጀታውን ሳትስቡ አትሂዱ።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ ክፍል ደረስኩ፣ ኪሳችሁ ውስጥ እያለ በር የሚከፍተውና ማስነሻውን በመጫን ብቻ ሞተር የሚያስነሳው፣ ፑሽ ስታርት የምንለው። እጀታውን ስትነኩ መኪናው ደካማ ሞገድ ይልካል፣ በአንድ ሁለት ሜትር ውስጥ ብቻ የሚሰማ። ቁልፉ ከሰማ በሌላ ሞገድ ይመልሳል፣ በሩ ይከፈታል። ጠቅላላ እምነቱ የተመሠረተው «ሰማኝ ማለት አጠገቤ ነው» በሚል ግምት ላይ ነው። ይህ ግምት ነው የተሰበረው። አንዱ ሌባ መኪናው ጋ ይቆማል፣ ሌላው አንቴና ይዞ ከቤታችሁ በር ወይም ከቦርሳችሁ አጠገብ ይቆማል። የመኪናውን ጥያቄ እየተቀባበሉ ያደርሳሉ፣ ቁልፉ በቅንነት ይመልሳል፣ መኪናው ባለቤቱ የመጣ ይመስለዋል። ምስጢራዊው ስሌት አልተሰበረም፣ መስበርም አላስፈለገም። የስዊዘርላንዱ የዙሪክ ኢቲኤች ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2011 ባሳተሙት ሥራ የ8 አምራቾችን 10 ሞዴሎች ሞክረው በሁሉም ላይ ተሳክቶላቸዋል።

አንዴ ሞተሩ ከተነሳ ደግሞ ቁልፉ ቢርቅም አይጠፋም። ይህ ስህተት አይደለም፤ በአውራ ጎዳና ላይ እየተነዳ ያለ መኪና የቁልፍ ባትሪ ስላለቀ ብቻ ቢቆም ሰው ይሞታል። ዳሽቦርዱ ያስጠነቅቃል እንጂ ሞተሩን አያቆምም። ይህን ያላወቀ ሰው ቁልፉን ቤት ላለው ሰው ሰጥቶ እየነዳ ይሄዳል፣ የደረሰበት ቦታ ሞተሩን ያጠፋል፣ ከዚያ በኋላ መኪናው አይነሳም። ሁለት ሰዎች አንድ መኪና የምትነዱ ከሆነ ተጠንቀቁ።

መከላከያው ምንድን ነው? ብዙ አዳዲስ ቁልፎች እንቅስቃሴ የሚያውቅ ሴንሰር አላቸው፣ ጠረጴዛ ላይ ለትንሽ ጊዜ ከተቀመጡ ይተኛሉ፣ ለማንም አይመልሱም። ከዚያ የሚበልጠው አልትራ ዋይድባንድ የሚባለው ነው። ሞገዱ ሄዶ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ ይለካል። ብርሃንም ሆነ ሬዲዮ በአንድ ናኖሰከንድ 30 ሴንቲሜትር ገደማ ነው የሚጓዘው፣ ስለዚህ በመሃል ገብቶ ማቀባበል ርቀቱን ያሳብቃል። መኪናችሁ እነዚህ ከሌሉት ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ውስጡ በብረት ክር የተለበጠ ሞገድ የማያሳልፍ ከረጢት ነው። ስትገዙት ወዲያው ፈትኑት፣ ቁልፉን ከታችሁ ዝጉና ከመኪናው አጠገብ ቆማችሁ እጀታውን ንኩ፣ ከተከፈተ ከረጢቱ አይረባም። በየጥቂት ወሩም ድገሙት፣ ጨርቁ ሲታጠፍ ሲዘረጋ ያረጃል። ሁለተኛው ብዙ መኪኖች ላይ ቁልፍ ሳይነካ በር የሚከፍተውን አሠራር ማጥፋት መቻሉ ነው። በሪሞቱ ቁልፎች ጥምር ወይም በስክሪኑ ማስተካከያ ይደረጋል። እኔ ምርጫው ካለ ማጥፋቱን ነው የምመክረው። አንድ ጊዜ ቁልፍ መጫን ማንንም አልጎዳም።

ትርፍ ቁልፉንም አትርሱ። ሰው የሚይዘውን ቁልፍ ከረጢት ውስጥ አስገብቶ ሌላውን መግቢያው በር አጠገብ ሰቅሎ ይተኛል። ሌባው ለየትኛው እንደሚልክ ምርጫ የለውም፣ የሰማው ይመልስለታል።

እሺ፣ ወደ ምትክ ቁልፍ እንምጣ።

መጀመሪያ አንድ ነገር በልባችሁ ያዙ። መኪናው ውስጥ የታወቁ ቁልፎች ዝርዝር አለ። አዲስ ቁልፍ ማሠራት ማለት ከብረት ቀረጻው በላይ እዚያ ዝርዝር ውስጥ መግባት ማለት ነው። ይህ ዝርዝር የሚከፈትበት መንገድ ለባለሙያ መኖር አለበት፣ ካልኖረ ቁልፍ የጠፋበት ሰው ሁሉ መኪናውን ይጥለዋል። ያው መንገድ ደግሞ ለሌባም ይመቻል። የዛሬ ሌቦች መስኮት ሰብረው ገብተው ከመሪው ሥር ያለውን የምርመራ ሶኬት በመጠቀም ራሳቸው አዲስ ቁልፍ ያስመዘግባሉ። በእውነተኛ ሥራ ላይ የምናየው መሣሪያ ነው እጃቸው ላይ ያለው። ስለዚህ አሠሪው መታወቂያ፣ ሊብሬ እና የሻንሲ ቁጥር ሲጠይቃችሁ አትቆጡ። እኔ የሚያሳስበኝ ምንም ሳይጠይቅ «አምጡት ልሥራው» የሚለው ነው። ለእናንተ ያልጠየቀ ነገ የእናንተን መኪና ይዞ ለመጣ ሌላ ሰውም አይጠይቅም።

የሻንሲ ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ 17 ፊደልና አኃዝ አለው። በብዙ መኪኖች ላይ ከፊት መስታወቱ ሥር በሾፌሩ በኩል ወይም በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ታገኙታላችሁ። በዚህ ቁጥር አምራቹ ሁለት ነገር ሊሰጥ ይችላል፣ ብረቱ እንዴት እንደሚቀረጽ የሚናገረውን ኮድና ለኢሞቢላይዘሩ የሚያስፈልገውን ፒን። አዲስ መኪና ሲገዛ ከቁልፎቹ ጋር ታስራ የምትመጣ ትንሽ የብረት ሰሌዳ ላይም የቀረጻ ኮድ ይኖራል። ብዙዎች ምን እንደሆነች ሳያውቁ ይጥሏታል። አስቀምጧት፣ መኪናው ውስጥ ግን አይሁን። ደግሞ የቁልፋችሁን ብረት ፎቶ አንስታችሁ አትለጥፉ። «አዲስ መኪና ገዛሁ» ብሎ ቁልፉን በእጁ ዘርግቶ ፎቶ የሚለጥፍ ሰው በጣም ብዙ ነው። የጥርሱ ጥልቀት ከጥሩ ፎቶ ላይ ሊነበብ ይችላል።

አንድ የሚሠራ ቁልፍ ካላችሁ ሁለት መንገድ አለ፣ ልዩነቱን ደግሞ ጠይቃችሁ ካልሆነ ማንም አይነግራችሁም። አንደኛው መገልበጥ ነው። የቺፕዋ ይዘት ወደ ሌላ ቺፕ ይቀዳል፣ መኪናው ሁለቱን አንድ አድርጎ ነው የሚያያቸው። ፈጣን ነው፣ ብዙውን ጊዜ መኪናውን መንካትም አያስፈልግም። ሁለተኛው ማስመዝገብ ነው። አዲሱ ቁልፍ በራሱ ማንነት ዝርዝሩ ውስጥ ይገባል። እኔ ሁልጊዜ ማስመዝገቡን ነው የምመርጠው። ምክንያቱ ነገ አንዱ ቢጠፋ ነው። የተመዘገበውን ለይቶ መሰረዝ ይቻላል፣ ወይም ሁሉንም ሰርዞ እጅ ላይ ያለውን ብቻ መመለስ ይቻላል። የተገለበጠ ከሆነ ግን የጠፋውን ስትሰርዙት እጃችሁ ላይ ያለውም አብሮ ይሰረዛል፣ መንትያ ናቸውና።

አንዳንድ መኪኖች ባለቤቱ ራሱ እንዲያስመዘግብ ይፈቅዳሉ። በርካታ የቆዩ ፎርዶች ላይ ሁለት የሚሠሩ ቁልፎች ካሏችሁ ሦስተኛውን ያለ መሣሪያ መጨመር ይቻላል፣ አንዱን አስገብቶ መክፈት፣ ማውጣት፣ ሁለተኛውን ማስገባት፣ ከዚያ አዲሱን፣ በሰከንዶች ውስጥ። አንድ ብቻ ካላችሁ ግን መሣሪያ ያስፈልጋል። አያችሁ፣ ሁለተኛው ቁልፍ የሦስተኛው ዋስትና ነው።

አንድም ቁልፍ ከሌለ ነው ፈተናው። መኪናው ወደ ሠሪው አይሄድም፣ ወይ ይጫናል ወይ ባለሙያው ይመጣል። በሩ ይከፈታል፣ ብረቱ በኮድ ወይም መቆለፊያውን በማንበብ ይቀረጻል። ከዚያ ኢሞቢላይዘሩ ፒን ይጠይቃል፣ ወይም ሆን ተብሎ ጊዜ ያስጠብቃል። የጄኔራል ሞተርስ አንዳንድ መኪኖች ያለ መሣሪያ አዲስ ቁልፍ የሚቀበሉት ሦስት ጊዜ አሥር አሥር ደቂቃ ካስጠበቁ በኋላ ነው። ግማሽ ሰዓት ቆሞ የሚጠብቅ ሌባ የለም ከሚል ስሌት የመጣ ነው። የባሰባቸው መኪኖች ላይ ኮምፒውተሩ ተፈትቶ፣ ትንሿ የማስታወሻ ቺፕ በቀጥታ ተነብባ፣ ዝርዝሩ በእጅ ተስተካክሎ ይመለሳል። ይህ የኤሌክትሮኒክስ ሥራ ነው፣ አንድ ስህተት ኮምፒውተሩን ያበላሻል፣ ስለዚህ ከፍ ያለ ዋጋ ቢጠየቅ አይግረማችሁ።

የቆየ መኪና ያላችሁ ደግሞ ቁልፎቻችሁን በቀለም ተመልከቱ። በ1990ዎቹ የነበሩ ፊያቶች ከመደበኛው ቁልፍ ጋር ቀይ ቁልፍ ነበራቸው፣ ሌላ ቁልፍ ማስመዝገብ የሚችለው እሱ ብቻ ነው። አንዳንድ የዚያ ዘመን ቶዮታዎች ላይ ጥቁሩ ዋና ሲሆን ግራጫው ለመኪና አቋሚ የሚሰጥ፣ ማስመዝገብ የማይችል ነው። ዋናው ከጠፋና የቀረው ግራጫው ብቻ ከሆነ መኪናው በየቀኑ ይነሳል፣ ትነዱታላችሁ፣ ሁለተኛ ቁልፍ ለማሠራት ስትሄዱ ግን ችግሩ ያኔ ይወጣል። ዛሬ ነው ማየት ያለባችሁ።

ሥራው ሲያልቅ ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ፈትኑ። አዲሱ ብረት የሾፌሩን በር በእጅ ይክፈት፣ ሪሞቱ ይዝጋም ይክፈትም፣ ሞተሩን አስነሱ፣ አጥፉ፣ በሩን ዘግታችሁ ትንሽ ቆዩና እንደገና አስነሱ። ከዚያ አሮጌውን ቁልፍ ሞክሩ። አንዳንድ አሠራሮች አዲሱን ሲያስገቡ ሌላውን ሁሉ ያጠፋሉ፣ ቤት ደርሳችሁ ነው የምታውቁት። ስለዚህ ስትሄዱ ያሏችሁን ቁልፎች ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ። በመጨረሻም ይህን ጠይቁ፦ «መኪናው ውስጥ ስንት ቁልፍ ተመዝግቧል?» የምርመራ መሣሪያው በብዙ መኪኖች ላይ ቁጥሩን ያሳያል። እናንተ ሁለት ይዛችሁ መሣሪያው አራት ካለ፣ የማታውቋቸው ሁለት ቁልፎች የሆነ ሰው ጋ አሉ ማለት ነው። አስጠፏቸው። ከተሰረዙ በኋላም ብረታቸው በር መክፈቱን አይተውም፤ ቁልፉ የጠፋው አድራሻችሁ ካለበት ቦርሳ ጋር ከሆነ የበሩን መቆለፊያም ማስቀየር ይገባል።

ያገለገለ ሪሞት በርካሽ ስታገኙ ቆም በሉ። ብዙ ቁልፎች መጀመሪያ የተመዘገቡበት መኪና ላይ ተቆልፈው ይቀራሉ፣ ሌላ መኪና አይቀበሉም። ለአንዳንዶቹ የመክፈቻ ዘዴ አለ፣ ለሁሉም ግን አይደለም። ሳይገዛ በፊት የሚሠራላችሁን ባለሙያ መጠየቅ ይሻላል።

የፑሽ ስታርት ቁልፍ ባትሪ ሲያልቅ ብዙ ሰው ይደነግጣል። አትደንግጡ። ጎኑ ላይ ያለችውን መያዣ ስትገፉ ከውስጡ ትንሽ ብረት ቁልፍ ይወጣል። የሾፌሩ እጀታ ላይ ቀዳዳ ካላያችሁ ሽፋን ሥር ተደብቆ ሊሆን ይችላል። ገብታችሁ ቁልፉን ራሱን ማስነሻው ላይ አስጠግታችሁ ፍሬን ረግጣችሁ ተጫኑ። አንዳንዱ መኪና ሌላ ቦታ አለው፣ መሪው ጎን ወይም የኩባያ ማስቀመጫው አካባቢ፣ መመሪያው ይናገራል። እዚያ ቺፗ እንደ ጥንቷ ያለ ባትሪ ትነበባለች። ባትሪው በብዙዎቹ ላይ 2032 የሚል ቁጥር ያላት ባለ 3 ቮልት ክብ ናት፣ በራሳችሁ ትቀየራለች። ከሩቅ ይከፍት የነበረ ሪሞት ቀርባችሁ ካልሆነ እምቢ ማለት ሲጀምር ጊዜዋ ደርሷል።

ስልክን እንደ ቁልፍ መጠቀምም መጥቷል። አፕል ከቢኤምደብሊው ጋር በ2020 ጀመረ፣ ሌሎችም ተከትለዋል። ለቤተሰብ ቁልፍ በመልእክት መላክና መልሶ መንጠቅ መቻሉ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ስልክ ይሰበራል፣ ይሰረቃል፣ ባትሪው ይደክማል። አብሮ የሚሰጠውን ካርድ ወይም እውነተኛ ቁልፍ ቤት አስቀምጡ እንጂ ስልክ አለኝ ብላችሁ አትርሱት።

ያገለገለ መኪና ልትገዙ ያላችሁ ሰዎች፣ ዋጋ ከመቁረጣችሁ በፊት «ሁለቱንም ቁልፍ አምጡ» በሉ። ሁለት ሲቀርብላችሁም ሁለቱንም ተራ በተራ ሞተሩ ላይ ሞክሩ። በር ብቻ የሚከፍት፣ ቺፕ የሌለው፣ ለመልክ የተቀረጸ ቁልፍ አብሮ ተሰጥቶት ከወራት በኋላ ያወቀ ሰው አውቃለሁ። ሻጩ «ሁለተኛው ቤት ነው፣ አመጣዋለሁ» ካለ እስኪያመጣ ጠብቁ፣ ወይም የቁልፉን ወጪ ከዋጋው ላይ አስቀንሱ። መኪናው በእጃችሁ ከገባ በኋላም በመጀመሪያው ሳምንት የድሮዎቹን ቁልፎች ሁሉ አስጠፍታችሁ የእናንተን ብቻ አስመዝግቡ።